ሃምሳ ሁለት ቀዳዳ

በጭሮ ከተማ ፕላስቲክ የሚበሳው በእሳት ነው። ጀሪካን ላይ ቧንቧ መግጠም የፈለገ፣ የአበባ ባልዲው ውሃ እንዲያሳልፍለት የፈለገ፣ የልብስ ሳጥኑ እንዳይታፈን የፈለገ ሁሉ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሚስማር ወይም ቁራጭ ፌሮ ከሰል ላይ አግሎ መውጋት። ፕላስቲኩ ይንጫጫል፣ ይጨሳል፣ በቀዳዳው ዙሪያ ጥቁር ከንፈር ያወጣል። ከንፈሩ ሲቀዘቅዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። አንዱ ቀዳዳ ሽምብራ ያህላል፣ ሌላው ባቄላ። ማንም ግን ቅር አይለውም። «ተበሳ አይደል?» ይባላል። አዎ፣ ተበስቷል።

እኔን ቅር ይለኛል። ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ለሌላ ሰው ቀላል ይሆናል፤ ለእኔ ቀላል አልነበረም። ከሦስት ሰው በላይ ካለ ድምፄ ይጠፋል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ መልሱን እያወቅሁ እጄን ሳላወጣ የቀረሁባቸውን ቀናት ዛሬም አስታውሳለሁ። ልብሴን ሳጥፍ ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመ ደግሜ አጥፋለሁ። እናቴ ይህን «በሽታ» ትለዋለች። እኔ ጥንቃቄ እለዋለሁ። በዚህ አልተስማማንም፤ የምንስማማም አይመስለኝም።

የተማርኩት እንስሳት ሳይንስ ነው። ከተመረቅኩ በኋላ ያገኘሁት ሥራ ግን መቻራ ከተማ ውስጥ፣ ከየገበሬው የሚመጣውን ቡና እርጥበት መለካት ነበር። ጊዜያዊ ሥራ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጭሮ የመጣ ሚኒባስ ቡና መሰብሰቢያው በር ላይ ቆመ። ጣሪያው ላይ የጫጩት ካርቶኖች ተደራርበው ታስረዋል። መንገድ ላይ ዝናብ መቷቸው የታችኞቹ ረጥበው፣ የላይኞቹ ተጭነዋቸው ተጣብቀዋል። የጫጩቶቹ ባለቤት አንዲት የአካባቢው ሴት ነበረች። ካርቶኑን በጥንቃቄ ልትከፍት ሞክራ አልሆን ሲላት ቀደደችው። ከውስጥ በሕይወት ያሉትን እየመረጠች ሻሿ ላይ አኖረቻቸው። የሞቱትን መሬት ላይ ደረደረቻቸው። ድርድሩ ረዘመ። ዙሪያዋን የቆመው ሰው «የአላህ ነገር ነው፣ ምን ይደረጋል» አላት። እርሷም «አልሀምዱሊላህ» አለች።

እኔ ግን በሆዴ ይህ የአላህ ነገር አይደለም፣ የካርቶን ነገር ነው አልኩ። ቁጣዬ ለረጅም ጊዜ አልበረደም።

የመቻራው ሥራ ሲያልቅ ወደ እናቴ ቤት፣ ወደ ጭሮ ተመለስኩ። አስፋልቱ ዳር ከሚደረደሩት ክዳን ካላቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች፣ ሰው ልብስና ጥራጥሬ ከሚያስቀምጥባቸው፣ አንዱን ገዛሁ። ዝናብ አያርሰውም፣ ተደራርቦ ሲጫን አይጨፈለቅም፣ ታጥቦ ደግሞ ይሠራል። የጎደለው አየር ብቻ ነበር። ለዚያ ደግሞ ቀዳዳ ያስፈልጋል።

ሰፈራችን ውስጥ ብየዳ ቤት አለ። ባለቤቱ አባቴን ያውቁ የነበሩ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀሉ የሚናገሩ፣ እጃቸው ፈጣን የሆነ ትልቅ ሰው ናቸው። በኤሌክትሪክ የሚዞረውን መብሻቸውን፣ ትራፓኗቸውን፣ እንዲያውሱኝ ስጠይቃቸው ድምፄ ስላልተሰማቸው ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በመጨረሻ «ውሰጂ፣ ውሰጂ» አሉኝና ብረት ጠፍንገው የሚይዙበት ሞርሳ አጠገብ ያለችውን ጥግ ሰጡኝ። እኔ በምላሹ ለደንበኞቻቸው የሚያሳዩትን የበርና የመስኮት ንድፍ በወረቀት እሠራላቸው ነበር።

የመጀመሪያው ሳጥን ከሁለተኛው ቀዳዳ አላለፈም። ብረት የሚበላው ፑንታ፣ የትራፓኖው ሹል ጫፍ፣ ፕላስቲኩን እንደነካ ነክሶ ጎተተው፤ «ጧ» አለና ከቀዳዳው እስከ ጠርዙ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው በአራት ቦታ። ባለቤቱ ከብየዳ መነጽራቸው ሥር እያዩኝ «ኢንተላ ቲያ» አሉኝ፤ የእኔ ልጅ ማለታቸው ነው። «ኢንተላ ቲያ፣ በትራፓኖ ፕላስቲክ አይነካም። ፌሮ ላግልልሽና በአንድ ደቂቃ ልገላግልሽ።»

«አመሰግናለሁ ጋሼ፣ አይሆንም» አልኳቸው።

ስድስት ሳጥን አበላሽቻለሁ። የተማርኩትም ከስድስቱ ነው። ትራፓኖው በዝግታ መዞር አለበት፤ ሲፈጥን ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፣ ሲገፋ ይሰነጥቀዋል። ከውስጥ በኩል ቁራጭ የሞራሌ እንጨት ደግፌ ካልያዝኩ ፑንታው ሲወጣ ጠርዙን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ ባለ ሦስት ሚሊ ፑንታ፣ ከዚያ በዚያው ላይ ባለ አሥራ ሦስት። የአዲስ ፑንታን ስለት በሞረድ ትንሽ ዶልደም ካደረጉት መንከሱን ትቶ ይፍቃል። ይህን ሳደርግ ያዩኝ ባለቤቱ «ደግሞ ታዶለዱሚዋለሽ!» ብለው ጮኹብኝ። ጭሮ ጠዋት ጠዋት ትበርዳለች፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ነው። ሳጥኖቹን ፀሐይ ላይ ደርድሬ ለብ እስኪሉ ከጠበቅሁ በኋላ አንድም አልተሰነጠቀብኝም።

ከሁሉም የሚበልጠው መለኪያዬ ነው። የሳጥኑን ጠርዝ እንዲነክስ አጥፌ ከላሜራ ሠራሁት። በእርሱ ላይ ቀዳዳዎቹን አንዴ ለክቼ በሳሁ። ከዚያ ወዲያ አልለካም፤ ላሜራውን ሳጥኑ ላይ እሰካና በቀዳዳዎቹ ውስጥ እበሳለሁ። በእያንዳንዱ ረጅም ጎን ሁለት ረድፍ ስምንት ስምንት፣ በእያንዳንዱ አጭር ጎን ሁለት ረድፍ አምስት አምስት። ለአንድ ሳጥን ሃምሳ ሁለት። ሁሉም ከጫጩት ጀርባ ከፍ ብለው፣ ነፋሱ እግራቸውን እንዳይመታቸው። ክዳኑ ላይ አንድም የለም። ሰው ሁሉ የሚበሳው ክዳኑን ነው፤ መኪና ላይ ሲደራረብ ግን የላይኛው ሳጥን የታችኛውን ክዳን ይዘጋዋል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር። ማሰብ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ያሰበበት ግን አልነበረም።

ሲያልቅ የየቀዳዳውን ሻካራ ጠርዝ በቢላዋ እየዞርኩ አነሳለሁ። ከዚያ ሳጥኑን አጥባለሁ፤ ጫጩት ያየውን ሁሉ ይለቅማልና፣ አንዲት የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ውስጥ እንድትቀር አልፈልግም። በመጨረሻ ትንሿን ጣቴን በእያንዳንዱ ቀዳዳ አስገብቼ አዞራለሁ። የቧጠጠኝ ካለ ቢላዋውን እንደገና።

ከብየዳ ቤቱ ፊት ለፊት የባጃጅ ተራ አለ። እዚያ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ባለ ባጃጅ፣ እድሜው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ሥራው ቀልድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስም አወጣልኝ።

«ቀዳጇ መጣች!»

ተራው በሙሉ ሳቀ። በእኛ ከተማ ልጆች ቋንቋ መቅደድ መዋሸት ነው፣ የሌለውን አጋኖ ማውራት። ከቤተሰቧ ውጭ በቀን አሥር ዓረፍተ ነገር የማትናገር ልጅ ቀዳጅ ተባለች። «ዲግሪዋን ይዛ እዚህ ትቀድዳለች» ሲል እንደገና ሳቁ። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ሊረዱኝ ፈልገው ብቅ አሉና «ተዉአት አቦ! ቀዳጅ አይደለችም፣ ሰርሳሪ ናት» አሉ። ሰርሳሪ ደግሞ የሰው ግድግዳ በስቶ የሚገባ ሌባ ነው። ሳቁ የበለጠ ሆነ። እርሳቸውም የተናገሩት ሲገባቸው ሳቁ።

ሁለት ሳምንት ራሴን ደፍቼ በዚያ ተራ ፊት አለፍኩ። እናቴም ሰማች። «ሰው ምን ይላል? ተምረሽ፣ ተመርቀሽ፣ ከብረት ሠራተኛ ጋር ትውያለሽ። እነሆ ስም አወጡልሽ» አለችኝ። ያንን ስም በልቤ እያላመጥኩ ግን አንድ ነገር ታወቀኝ፤ ያናደደኝ ውሸታም መባሌ አልነበረም። ቃሉ ስህተት መሆኑ ነበር። መቅደድ ያቺ የመቻራ ሴት ካርቶኑን ያደረገችው ነው። መሰርሰርም ሌላ ነው። እኔ የማደርገው ሁለቱንም አይደለም።

አንድ ጠዋት ያለቀ ሳጥን ይዤ አስፋልቱን ተሻገርኩ። ባለ ባጃጁ መሪውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሳጥኑን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ትንሿን ጣትህን አስገባ» አልኩት።

«ለምን? ይነክሳል?»

«አስገባ።»

ጓደኞቹን እያየ አስገባ። አዞረው። ሌላ ቀዳዳ ሞከረ፣ ከዚያ ሌላ።

«የተቀደደ ነገር አለ?»

«የለም» አለ።

«እንግዲያው ቃሉን አስተካክል። ይሄ መብሳት ነው የሚባለው። እኔ አልቀድድም፤ እበሳለሁ።»

ሳጥኔን ይዤ ስመለስ ከኋላዬ «ወላሂ ለስላሳ ነው እኮ» ሲል ሰማሁት። ስሙን ግን አልተወውም፤ በማግስቱም ቀዳጇ ነበርኩ። ለውጡ እኔ ላይ ብቻ ነው፤ ራሴን ደፍቼ ማለፍ ተውኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከቦኬ አንዲት ሴት መጡ። የአንድ ቀን ጫጩት በብዛት አስመጥተው ለገጠሩ እናቶች የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ናቸው። በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት እንደሚባለው «አዴ» እላቸው ነበር። ሳጥኔን ገልብጠው፣ ቀና አድርገው፣ ሽቅብ ወደ ፀሐይ ይዘው ቀዳዳዎቹን አዩ። በየጉዞው የሚሞቱባቸው ጫጩቶች ሰልችተዋቸዋል፤ ገዢዎቻቸውም እምነት እያጡባቸው ነበር። «ዘንድሮ እንደገና ሞተው ከገቡ ገበያው ላይ የሚያምነኝ የለም» አሉኝ። ሃያ ሳጥን አዘዙ። በአንዱ ሃያ አምስት ጫጩት፤ ከዚያ በላይ እንዳይጨምሩ ነገርኳቸው። ጫጩቶቹ በቦኬ ገበያ ዋዜማ ንጋት ላይ ጭሮ ይደርሳሉ፣ ስድስት ሰዓት ላይ በአይሱዙ ወደ ቦኬ ይሄዳሉ። የእኔም ነገር በዚያው ተንጠለጠለ። እናቴ አዳማ ካለው አጎቴ ጋር ተነጋግራ ሱቁ ውስጥ ቦታ አግኝታልኝ ነበር። «ይሄ ሥራ ካልሆነልሽ ትሄጃለሽ» አለችኝ፤ እኔም እሺ ብያለሁ።

አሥራ ሦስቱን እንደጨረስኩ መብራት ጠፋ። ይመጣል ብዬ አመሸሁ፤ አልመጣም። በማግስቱ፣ ጫጩቶቹ በሚደርሱበት ቀን ጠዋት፣ ብየዳ ቤት ስደርስ አሁንም የለም። ባለቤቱ ግን ከሰል አያይዘው፣ ሁለት ፌሮ ረመጡ ውስጥ ሰክተው፣ ከቀሩት ሰባት ሳጥኖች አንዱን ጉልበታቸው መካከል ይዘው ጠበቁኝ።

«ነይ፣ ነይ። አዴ ሳይመጡ እንጨርሰዋለን። ሰባት ናት፣ ምን አላት?»

«ጋሼ፣ ያስቀምጡት።»

«ማሊ?» አሉ፤ ምን አልሽ ማለት ነው። በእርግጥ ያልሰሙኝ መሰለኝ፣ ደገምኩት።

«ሳጥኑን ያስቀምጡት። በእሳት አይበሳም።»

«ጫጩት ቀዳዳ አይመርጥም፣ ኢንተላ ቲያ። አየር አየር ነው።»

«ፊታቸውን ይሰኩበታል። ጠርዙ ይቆርጣቸዋል።»

«እኔ ስንት ዓመት በብረት የኖርኩ ሰው ነኝ! በገዛ ቤቴ አይሆንም ትይኛለሽ?»

«ቤቱ የእርስዎ ነው» አልኳቸው። «ሳጥኖቹ ግን የእኔ ናቸው።»

እንዲህ ብዬ ለትልቅ ሰው መልሼ አላውቅም። እርሳቸው ፌሮውን ረመጡ ላይ መልሰው ጣሉትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሳጥኑን ከአጠገባቸው አነሳሁት።

ከብየዳ ቤቱ አጠገብ አናጢ አለ። መብራት ስለጠፋ ሥራ ፈትቶ በሩ ላይ ቆሞ ጭቅጭቃችንን ሲያዳምጥ ነበር። ምንም ሳልጠይቀው ገባና በእጅ የሚዞር አሮጌ መሰርሰሪያ፣ ጎኑ ላይ እጀታ ያለው፣ ይዞልኝ ወጣ። «ይቺ መብራት አትጠይቅም» አለኝ።

ፑንታውን ገጠምኩ፣ ላሜራዬን ሰካሁ፣ ሞራሌውን ደገፍኩ። እጀታውን ሳዞረው ፑንታው በዝግታ ገባ። ጥምዝ ነጭ ፍቅፋቂ ሳይቆረጥ እየረዘመ ወጣ። ቀዳዳው ከትራፓኖው ሁሉ የጠራ ነበር። ችግሩ ጊዜው ነው። የመጀመሪያውን ሳጥን ስጨርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ መዳፌም ውሃ ቋጥሯል።

አዴ ጫጩቶቻቸውን በጋሪ አስጭነው የደረሱት በዚህ መሃል ነው። ካርቶኖቹ ውስጥ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይጮሃሉ። አዴ የተደረደሩትን ሳጥኖች አዩ፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ከሰሉን።

«ያ አላህ! አላለቀም?»

«ስድስት ይቀራል፣ አዴ።»

«መኪናው ስድስት ሰዓት ነው እኮ!»

ባለቤቱ ከግድግዳው ዞሩ። «እኔ በግማሽ ሰዓት እጨርሰው ነበር፤ እሷ ናት ያልፈቀደችው» አሉ።

አዴ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ለምን አትፈቅጂም? የማን ጫጩት ነው?»

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። ከባጃጅ ተራው ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ድምፄ እንደሚጠፋ ስላወቅኩ መናገሩን ትቼ ከተበላሹት ሳጥኖች አንዱን አመጣሁ፣ ከረመጡ ፌሮውን አንስቼ አንድ ቀዳዳ በሳሁበት። ጨሰ፣ ሸተተ። በውሃ አቀዘቀዝኩት። «ጣትዎን ያስገቡ» አልኳቸው።

አስገቡ። ሲያወጡት ጫፉ ላይ ቀጭን የደም መስመር ነበር። ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩና ጉልበታቸውን አጥፈው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ሳጥኑን እኔ እይዝልሻለሁ። አዙሪ።»

አዞርኩ። ሲደክመኝ አዴ ያዞራሉ፣ እኔ እይዛለሁ። ያለቁትን ሳጥኖች አናጢው ጎን ለጎን ሰጋቱራ እየነሰነሰ ጫጩት ያስገባባቸዋል። «ሃያ አምስት ብቻ!» እያልኩ ደጋግሜ እጮህበታለሁ፤ መጮህ ማለቴ ለእኔ ነው እንጂ ለሌላ ሰው ተራ ንግግር ነበር። ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ አኩርፈው ተቀመጡ። ሁለት ሳጥን ካለቀ በኋላ ቢላዋቸውን በድንጋይ ላይ ሲስሉ ሰማሁ። መጥተው አጠገባችን ቁጢጥ አሉ።

«ጠርዙን እኔ ላንሳልሽ?»

ሰጠኋቸው። ያነሱትን ሁሉ በጣቴ አረጋገጥኩ። ሦስት ቀዳዳ ቧጥጦኝ ሳጥኑን መለስኩላቸው። «ወይ ጉድ» አሉ፤ ግን ደግመው ሠሩት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አሥራ ስምንት ሳጥን ነበረን። አይሱዙው መጥቶ ጥሩምባውን ይነፋል። ሁለቱ ሳጥኖች እንዳሉ ቀርተዋል፤ ሃምሳ ጫጩት ካርቶን ውስጥ ነው።

«ሁለቱን እንዲሁ ስጪኝ» አሉ አዴ። «ክዳኑን ገርበብ አደርገዋለሁ።»

«ይወድቃል። አይሆንም።»

«እሺ፣ በየሳጥኑ ሦስት ሦስት ልጨምር።»

«አይሆንም፣ አዴ። ለሃያ አምስት ነው የተበሳው።»

«እና ሃምሳው የት ይሂድ? ራሴ ላይ?»

«እኔ ጋ ይቆያል» አልኩ። «በሚቀጥለው ገበያ ላመጣልዎት።»

አዴ ትክ ብለው አዩኝ። ሾፌሩ እንደገና ነፋ። «ከሞቱ?» አሉ። «ከሞቱ እተካለሁ» አልኳቸው። ያንን ስናገር ተቀብለውኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ሳጥኖቹን አስጭነው ተሳፈሩ።

እናቴ በር ላይ ስትቀበለኝ መጀመሪያ የሰማችው የጫጩቶቹን ድምፅ ነው። «ምን አመጣሽብኝ ደግሞ!» አለች። ውሃ አሙቄ በሃይላንድ ኮዳዎች ሞላሁ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ መሃላቸው አስቀመጥኩ፤ ጫጩቶቹ ኮዳዎቹ ላይ ተለጥፈው ዝም አሉ። እናቴ እያጉረመረመች ሁለተኛውን ማሰሮ ራሷ ጣደች።

ከሰዓት በኋላ አዴ ከቦኬ ደወሉ።

«ገባን» አሉ። «አንድ ሞቷል።»

አንድ ብቻ በመሆኑ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ከድምፃቸው ያስታውቃል። እኔን ግን ያ አንዱ ከነከነኝ።

«የትኛው ሳጥን ውስጥ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ከታች፣ ከጥግ የነበረው።»

«ከጎኑ ምን ተጭኖ ነበር?»

ትንሽ አሰቡ። «ስኳር። የስኳር ጆንያ አስጠግተውበት ነበር። ሌሎቹም እዚያ ውስጥ ደክመው ነው የወጡት፤ ውሃ ስሰጣቸው ተነሱ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ተናደድኩ፤ በራሴም ጭምር። ጎኑን በስቼ ጎኑ እንደሚዘጋ አላሰብኩም። ክዳኑን የሚበሱትን ስንቅ ነበር፤ እኔም የሠራሁት ያንኑ ስህተት ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ተለወጠ። ያን ሳምንት ብየዳ ቤቱ ውስጥ የቀሩትን ሁለት ሳጥኖች በስቼ በየጎናቸው ላይ ሁለት ሁለት ቀጭን የእንጨት ዘንግ አሰርኩ፣ የተጠጋ ነገር ሁሉ ቀዳዳዎቹ ላይ እንዳይለጠፍ። የዘንጎቹን ውፍረት ባለቤቱ ናቸው የመረጡት። ስለ ፌሮው አንስተው አልተናገሩም፤ ከሰሉንም አላየሁትም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጠዋት ሁለቱን ሳጥኖች ከነጫጩቶቻቸው ይዤ ወደ ቦኬ በሚሄደው ሚኒባስ ገባሁ። ብቻዬን በዚያ መንገድ ሄጄ አላውቅም ነበር። ሳጥኖቹን ከኋላ፣ ከወንበሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። ሊነሳ ሲል አንድ ወፍራም ነጋዴ ጆንያ እየጎተቱ ገቡና በሳጥኖቹ ላይ ደገፍ አደረጉት። ዘንጎቹ «ቀጭ» አሉ።

«ጌታዬ፣ ያንሱት» አልኩ።

አልሰሙኝም ወይም መስማት አልፈለጉም። ሰው ሞልቷል።

«ጆንያውን ያንሱት!»

አሁን ሁሉም ዞሮ አየኝ። ነጋዴው «ለዶሮ ብዬ እኔ ልቁም?» አሉ። ሾፌሩም በመስታወቱ እያየኝ «እህቴ፣ ተዪ እስቲ፣ እንሂድበት» አለ። አንዲት ሴት ከፊት «ምኑ ነው ጆንያው?» ብላ ጠየቀች።

«በርበሬ» አሉ ነጋዴው።

«ውይ! በርበሬ ነው በጫጩት አፍንጫ ላይ?» አለች ሴትዮዋ፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ተነሳሁና የጆንያውን አፍ ይዤ ጎተትኩት። ከባድ ነበር። መንቀሳቀሱ እንኳን አልታየም፤ እኔ ግን አልለቀቅኩም። በመጨረሻ ነጋዴው «ልጅቷ ጥፍሯን ልትነቅል ነው» ብለው ራሳቸው አነሱትና በእግራቸው መሃል አቆሙት። እስከ ቦኬ አላናገሩኝም። መኪናው በየጉድጓዱ ሲዘል ያስነጥሳቸው ነበር።

አዴ ገበያው ጫፍ ላይ ጠበቁኝ። ክዳኑን ከፍተው አንድ በአንድ እያወጡ በኦሮምኛ ይቆጥሩ ጀመር፤ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ…» ሊገዙ የመጡ ሴቶች ከበቡን። የበርበሬ ነጋዴውም ጆንያቸውን አስደግፈው ቆመው ያዩ ነበር። ቁጥሩ አርባን ሲያልፍ ከሴቶቹ አንዳንዶቹ አብረው መቁጠር ጀመሩ።

«ሸንተማ!» አሉ አዴ። ሃምሳ። «ማሻአላህ፣ ሁሉም አሉ።»

ጫጩቶቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ሲሄዱ አዴ ባዶዎቹን ሳጥኖች ደራርበው፣ ዘንጎቹን በጣታቸው እየመቱ ሞከሯቸው።

«ሠላሳ እፈልጋለሁ፣ እንዲህ ዘንግ ያላቸው» አሉኝ። «ለዚህ ወር ገበያ። መቼ ይደርሳሉ?»

ሴቶቹ ሁሉ መልሴን ለመስማት ወደ እኔ ዞሩ።

«ሲያልቁ» አልኳቸው።